ጋሼ መጣ

ጥቅምት 6

ይድረስ ለውድ የወንድሜ ልጅ፣

እንደምን ከርመሻል? ጤናሽ፣ ሥራሽ፣ ብርዱ፣ ብቸኝነቱስ እንዴት አድርጎሻል? እኔ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን፣ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የገባሽበት ቤት ይሙቅልሽ፣ የያዝሽው ሁሉ ይባረክልሽ፣ ክፉ ዓይን አይይሽ።

ስድስት ዓመት ድምፅሽን ሳልሰማ መኖሬ ሆዴን ሲበላኝ ቆይቷል። ወንድምሽን ስልክሽን ብጠይቀው «እንዳልሰጥዎ ብላኛለች» አለኝ። አድራሻሽንም ያገኘሁት ስንት ተመላልሼ፣ በመጨረሻ የሚስቱን ፀጉር ዓመት ሙሉ በነፃ ልሠራ ተስማምቼ ነው። ወንድምሽ ነጋዴ ወጥቶታል።

ያለፈው አልፏል። አባትሽ ከሞተ ወዲህ እንደ ልጄ ነው ያየሁሽ፣ ይህን ልብሽ ያውቀዋል።

ፀጉር ቤቱ እንዳለ ነው። የፊት ወንበሮቹ ቆዳ ተቀዶ በፕላስተር ይዤዋለሁ። ከፀጉር ማድረቂያ ካስኮቹ አንዱ ሞቷል። የቀረው እንደ ወፍጮ ስለሚጮህ ከሥሩ የተቀመጠች ሴት ቤቱ ቢፈርስ አትሰማም። ልጄ ሚጡ ደህና ናት። ትዳሯም ሰላም ነው። ባሏ አናጢው ሥራው ሰፍቶለታል።

የጻፍኩልሽ ለትንሽ ነገር ነው። እናንተ ዘንድ የፊት ፀጉር በብርሃን የሚያጠፋ፣ በእጅ የሚያዝ ማሽን አለ ይላሉ። አንዲት ደንበኛዬ ተቸግራለች። ወጣት ናት፣ አገጯ ላይ የሚወጣው ፀጉር ለክር አልበገር አለ። ሰው ስታገኚ ብትልኪልኝ እመርቅሻለሁ።

መልስሽን የምትጠብቅ
አክስትሽ

---

ኅዳር 29

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ ባሉበት ይድረስዎ። ጉልበትዎን ፈጣሪ ይማርልዎ። እኔ ደህና ነኝ።

ሥራዬን ጠይቀዋል። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነኝ። ረጅሙን፣ ወገቡ ላይ እንደ አኮርዲዮን የሚተጣጠፈውን ነው የምነዳው። ጠዋት ሰው ሲጨናነቅ «ወደ ኋላ ጠጋ በሉ!» ስል ድምፄ ያለ ማይክራፎን የመጨረሻው ወንበር ይደርሳል። አለቃዬ ይህን ድምፅ አመስግኖልኛል። እርስዎ ቤት ምን ይባልለት እንደነበር አልረሳሁም።

ማሽኑ አለ። ከጥርስ ብሩሽ ጎን ተደርድሮ ይሸጣል። እኔም ገዝቻለሁ። ለእርስዎ ግን አልልክም። የእርስዎ እጅ ክር ከያዘ ማሽን ምን ያደርግለታል? ከጓዳው መብራት ሥር አንገቴን ወደ ኋላ አጋድመው ሲለቅሙልኝ፣ ዓይኔ እንባ ሲሞላ፣ «አይዞሽ፣ ይህ በእኔና በአንቺ መሐል ይቀራል» ይሉኝ ነበር።

ስለ ደንበኛዎ ግን ልጠይቅ። የወር አበባዋ በወጉ ይመጣል? ወይስ እንደ ሩቅ ዘመድ በዓመት አንዴ ሁለቴ ብቅ ብሎ ይጠፋል? ከማጅራቷ ላይ ታጥቦ የማይለቅ ጥቁረት አለ? የራስ ፀጉሯ ከመሐል ይሳሳል? ሳትበላ ወገቧ ይሰፋል? ባል አላት? ልጅስ? የባሏ እናት ምን ይላሉ?

በደንብ የሚያውቋት ደንበኛ ትመስለኛለች፤ ይጻፉልኝ። ስልኬን ግን አይፈልጉ። ደብዳቤ ይሻለኛል፣ ድምፅ የለውም።

አክባሪዎ
የወንድምዎ ልጅ

---

ታኅሣሥ 20

ይድረስ ለልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ቀኝሽ ይቅናልሽ። መንገዱን ያለ እንቅፋት ያስነዳሽ።

ደብዳቤሽን ደጋግሜ አነበብኩት። ቤቷ ገብተሽ ያየሽ ነው የሚመስለው። እንግዲህ ምን እደብቅሻለሁ፤ ደንበኛ የለችም። ሚጡ ናት።

ሰኞ ሰኞ ፀጉር ቤቱ ሲዘጋ በጓሮ በር ትገባለች። እለቅምላታለሁ። ሐሙስ ሳይደርስ ይጠቁራል። ባሏ እንዳይነካው ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ነው የምትተኛው። ብጉሩ ጀርባዋን ሞልቶታል። አበባዋን ካየች ወራት አልፈዋል። መጀመሪያ አርግዛ መስሎኝ እልል ልል ምንም አልቀረኝ። እንድትከሳ ብዬ ራት ከለከልኳት፣ ደረጃ ወጥታ እንድትወርድ አደረግኳት። የጠቀማት የለም።

የባሏን እናት ታውቂያታለሽ። ልጇን የሕፃን አልጋ አሠርታ የእንጨት ሥራ ቤቱ መስኮት ላይ አቁማዋለች። ገዢ ሲመጣ «አይሸጥም፣ ባለቤቱን እየጠበቀ ነው» ትላለች፤ ይህን የምትለው ሚጡ ምሳ ይዛ ስትገባ ነው። ልጄ በቁሟ አለቀች።

ሐኪም ቤት እንዳልወስዳት ካርድ ክፍል የምትሠራው ልጅ ደንበኛዬ ናት። ቅዳሜ ወሬው ካስክ ሥር ይቀመጣል። የሰዉን አፍ ታውቂዋለሽ።

ማሽኑ ይቅር። ያንቺ እንዲህ ነበር፤ መድኃኒት አግኝተሽ ከሆነ መድኃኒቱን ላኪልኝ። እግርሽ ላይ ወድቄ ነው የምለምንሽ።

አክስትሽ

---

የካቲት 9

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ደብዳቤዎ ከደረሰኝ ቆይቷል። ሥራ በዝቶብኝ አይደለም ያልመለስኩት። ካፖርቴ ኪስ ውስጥ ይዤው ስዞር ነበር። ተራዬን ጨርሼ አውቶቡሱን ጋራዥ ሳቆም አውጥቼ አነበዋለሁ፣ አጥፌ እመልሰዋለሁ። ልዋሽዎት አልችልም፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ።

«የሰዉን አፍ ታውቂዋለሽ» ብለዋል። አዎን፣ አውቀዋለሁ። ከአፎቹ ሁሉ የመጀመሪያውን በተለይ አውቀዋለሁ።

እኔና አናጢው ተጫጭተን ነበር። ቀሚሴ ተሰፍቶ ቁም ሳጥንዎ ውስጥ ተሰቅሎ ነበር። እናቱ ፀጉራቸውን ሊሠሩ መጡ፣ እርስዎም ወደ ጓዳ ወሰዷቸው። የተናገሩትን እሳቸው ራሳቸው ቃል በቃል ነግረውኛል፤ ቀለበቱን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጪ ሲሉኝ። «ኋላ እንዳትጎዱ ብዬ ነው። ልጅቷ መልኳ እንጂ ሴት አይደለችም። በየሳምንቱ ጢሟን የምለቅምላት እኔ ነኝ። አበባ የሚባል ነገር አታይም።» አናጢው ከኋላቸው ቆሞ ጫማውን ያይ ነበር። ጫማው አዲስ ነበር።

ሮጬ ወደ እርስዎ መጣሁ። ሌላ ማን ነበረኝ? በሩን ስከፍት ቤቱ ሙሉ ነበር። ከካስኩ ሥር አንዷ «ጋሼ መጣ!» አለች። ሁሉም ሳቁ። እርስዎን አየሁ። ሚዶ በጥርስዎ ነክሰው፣ የአንዷን ፀጉር በሁለት እጅዎ ይዘው፣ ሚዶው እስኪወድቅ ሳቁ። «ጋሼ» የሚለውን ስም ያወጡት እርስዎ እንደሆኑ የሰማሁት ከዚያ ወዲያ ነው። ልጆች መንገድ ላይ ተከትለው እስኪጠሩኝ ድረስ ጥሩ ስም ነበር።

ከዚያ ሚጡ ተዳረች። ቀሚሴን ከወገቡ አስጠብበው አለበሷት። ለእሷ «ተወችው፣ ውጭ አገር ልትሄድ ነው» እንዳሏት አውቃለሁ። ልጅ ነበረች፣ አመነችዎት። በእሷ አልፈርድም።

ሕመሙን አውቀዋለሁ። ስሙንም፣ ምን እንደሚደረግለትም አውቃለሁ። ዛሬ ግን አልጽፍልዎትም። ትንሽ ይቆዩ። እኔ ስንት ዓመት ቆይቻለሁ።

ጤናና ዕድሜ ይስጥዎ፤ ዕድሜውን በተለይ።

የወንድምዎ ልጅ

---

የካቲት 30

ለወንድሜ ልጅ፣

አንቺ ቂመኛ! የወንድሜ አጥንት ይፍረድብሽ! እኔ በአንቺ ላይ የሠራሁት ወንጀል ምንድን ነው? ያየሁትን ተናገርኩ። ጢም አልነበረሽም? አበባሽ ይመጣ ነበር? ሴትዮዋ ኋላ «እያወቅሽ ደበቅሽኝ» ብትለኝ ምን መልስ ነበረኝ? እኔም እናት ነኝ። ባል የሞተብኝ፣ በሁለት ካስክና በአንድ ክር ልጅ ያሳደግኩ ሴት ነኝ። ደህና ወንድ ደጄ ድረስ መጥቶ ሲመለስ ዝም ብዬ ልይ? አንቺ ጠንካራ ነሽ፣ የትም ብትወድቂ ትነሺያለሽ። ሚጡ እንዲያ አይደለችም። ለዚህ ነው። አሁን ደስ ይበልሽ!

የታመመች እህትሽን ይዘሽ ትጫወቺብኛለሽ? እዚያ ሄደሽ የተማርሽው ይህንን ነው?

ከላይ ያለውን ከጻፍኩ በኋላ ሚጡ መጣች። ልቀደው አስቤ ነበር፣ ግን የጻፍኩት እውነቴን ስለሆነ ተውኩት። ያ የጠፋው አበባዋ መጥቷል፤ መጥቶም አልቆም ብሏል። ሳምንት አልፎታል። ከንፈሯ ነጭ ሆኗል። ባሏ አያውቅም። ሐኪም ቤት ልውሰዳት ወይስ ራሱ ይቆማል? ያንቺም እንዲህ አድርጎሽ ያውቃል? ስድቤን እንዳልሰማሽ ቁጠሪልኝና ይህን ብቻ ቶሎ መልሺልኝ።

አክስትሽ

---

መጋቢት 24

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ደብዳቤዎ ከነስድቡ ደርሶኛል።

እዚህ ብርዱ ቀለል ብሏል። አዲስ መስመር ተሰጥቶኛል፣ ከገበያው እስከ ዩኒቨርሲቲው። ተማሪዎቹ ይንጫጫሉ እንጂ ጨዋ ናቸው። ከድልድዩ ሲወጡ ያለው ዛፍ ማበብ ጀምሯል።

ለሚጡ ሰላም ይበሉልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

---

ሚያዝያ 11

ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላምታው ይቅር፣ አፌ አይችልም።

ሚጡ አማቷ ቤት ሰሃን ስታጥብ ወደቀች። ጎረቤት ነው ተሸክሞ ሐኪም ቤት ያደረሳት። ደም ሰጧት፣ በኪኒን አቆሙላት። «ሴት ልጅ እንዲህ እየደማች እንዴት ቤት ትቀመጣለች? እናት የላትም?» አለኝ ሐኪሙ። ሆርሞን ምናምን አለ፣ ገና የሚመረመር ነገር አለ፣ ቀጠሮ ሰጠን።

በማግሥቱ የባሏ እናት መጣች። ብርቱካን የያዘች መስሎኝ ነበር። የሚጡን ልብስ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጋ አልጋው ሥር አስቀመጠችና «ከዚህ ስትወጣ ወደ እናቷ ትሂድ» ብላ ወጣች። አናጢው መኪና ውስጥ ተቀምጦ ነበር። ሞተሩን እንኳን አላጠፋም።

አሁን ከፀጉር ቤቱ ኋላ ባለው ክፍል ተኝታለች። መስታወቱ ላይ ፎጣ ሰቅላበታለች። ክሬን ይዤ ስቀርባት ፊቷን ታዞራለች። የቀጠሮው ቀን አለፈ፣ አልሄድም አለች። «ምን ሊነግሩኝ? ጋሼ ትሏት የነበረችውን እኔም ሆኛለሁ። ይኸው ነው» አለችኝ። ከዚያ «እሷ ግን እንዴት ሆነች? ዳነች?» ብላ ጠየቀችኝ። ከእኔ አፍ የሚወጣ አንድም ነገር አታምንም። ያንቺን ትሰማለች።

መድኃኒት አልለምንሽም። አንድ ገጽ ጻፊላት። ለእኔ አይደለም፣ ለእሷ።

አክስትሽ

---

ግንቦት 3

ይድረስ ለተከበሩ አክስቴ፣

ቶሎ ስለመለስኩ አይደነቁ። እስካሁን ላቆየው ብዬ ያቆየሁት ነው።

መጀመሪያ ሕመሙ። ስሙ ረጅም ነው፣ ፖሊሲስቲክ ኦቫሪ ይሉታል። እኔ ያወቅኩት የሹፌርነት የጤና ምርመራ ሳደርግ ነው። ሐኪሟ ሴት ነበረች። አገጬን አይታ ዓይኗን አልሰበረችም፣ «አበባሽስ?» አለችኝ። ደም ወሰደች፣ ሆዴን በአልትራሳውንድ አየች። ከዚያ አስቀምጣ አስረዳችኝ። የወንድ ሆርሞን የሚሉት፣ አንድሮጅን፣ በሴት ሁሉ አካል ውስጥ ጥቂት አለ። በእኛ ላይ ይበዛል። ሲበዛ ፀጉሩን አገጭ ላይ ያወጣል፣ ከራስ ላይ ያሳሳል፣ ብጉሩን ያመጣል። እንቁላሉም በየወሩ ሊበስል ይጀምርና ከመንገድ ይቀራል፤ አበባ የሚጠፋው ለዚህ ነው። ብዙ ወር ሲጠፋ ማህፀን ውስጥ የሚጠራቀመው ሲወርድ እንደ ሚጡ ያደርጋል። አበባን በወጉ የሚያመላልስ ኪኒን አለ፣ ፀጉሩን የሚያዘገይ አለ፣ መውለድ ለምትፈልግ እንቁላሉን የሚያበስል አለ። ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋው የለም፤ ግን ይያዛል። ብዙዎቹ ይወልዳሉ። እኔን የሚያክሙኝ እዚህ ስላለሁ አይመስልዎት፤ እዚያም ማንኛውም የሴቶች ሐኪም ያውቀዋል። ታኅሣሥ ላይ ቢወስዷት ኖሮ ያኔውኑ ይነግሯት ነበር።

«ታዲያ ወንድ ነኝ?» አልኳት ሐኪሟን። መነጽሯን አወለቀች። «ሴት ነሽ። ማን ነው ይህን ያለሽ?» አለችኝ። የእርስዎን ስም ጠራሁላት። ስሙን በአገሯ አፍ ልትደግመው ሞክራ አቃታት።

ከዚያ «በዘር ይሄዳል። በእናትሽ ወይ በአባትሽ ወገን እንዲህ የነበረች ሴት አለች?» ብላ ጠየቀችኝ። የለችም ልላት አፌን ከፈትኩ፤ ያኔ ታወሰኝ። ልጅ ሆኜ አንድ ጠዋት ወደ ፀጉር ቤቱ ጓዳ ዘው ብዬ ገባሁ። እርስዎ ትንሿን መስታወት መስኮቱ ላይ አስደግፈው፣ አገጭዎ በሳሙና ነጭ ሆኖ፣ ምላጭ ይዘው ቆመው ነበር። በጥፊ መቱኝ። ያኔ ለምን እንደተመታሁ አላወቅኩም ነበር። ለምን ሚጡን ከስንት ዓመት ትዳር በኋላ እንደወለዱ፣ ለምን ሌላ ልጅ እንደሌለዎት፣ ለምን በሙቀት ቀን እንኳን ሻርፕ ከአንገትዎ እንደማይወርድ ያን ቀን ገባኝ። የራስዎን ጢም እየላጩ የእኔን አወሩብኝ።

እንግዲህ ለሚጡ እጽፋለሁ። ዋጋው ይህ ነው። ምላጩን ይተዉት። እስኪያድግ ይጠብቁ። ደህና አድርጎ ሲታይ፣ ቅዳሜ ቤቱ ሲሞላ፣ የአናጢው እናት በመጡበት ሰዓት፣ መስኮቱ አጠገብ ያለው ወንበር ላይ ያለ ሻርፕ ይቀመጡ። ስለ እኔ የተናገሩትን በእነዚያው ሴቶች ፊት ይመልሱት። ከጓዳ ሳይሆን ከፊት። ካደረጉት ወንድሜ ይነግረኛል፤ ሚስቱ የነፃ ፀጉሯን ልትሠራ ትመጣለች አይደል?

ካላደረጉት ደብዳቤ አይላኩልኝ።

የወንድምዎ ልጅ

---

ሰኔ 27

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ፣

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ያልሽውን አድርጌያለሁ። የወንድምሽ ሚስት ነግራሽ ይሆናል፣ እኔም ልንገርሽ፤ እሷ ስታወራ ትጨምራለች።

ምላጩን ከተውኩ በኋላ ሳምንታት በሻርፕ ተሸፍኜ ሠራሁ። እንዲህ የሚያድግ አልመሰለኝም ነበር። ግማሹ ሸብቷል። ቅዳሜ ሴትዮዋ መጣች፤ ልጄን ብታባርርም ፀጉሯን ከእኔ እጅ ሌላ አታስነካም። ለልጇ ሌላ ሚስት ልታይ የምትሄድበት ቀን ስለነበር አምሮባት መታየት ፈልጋለች። ፀጉሯን አጥቤ በቢጎዲን ጠቀለልኩላት። ግማሹን እንደጨረስኩ እጄን አጠብኩና መስኮቱ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ሻርፔን አወለቅኩ።

«ምን ሆነሽ ነው የተቀመጥሽው?» አለችኝ በመስታወቱ። ከዚያ ዞረች። «ምንድን ነው ይሄ?»

«ጢም ነው።»

«የምን ጢም?»

«የእኔ ነዋ። ከወጣትነቴ ጀምሮ አለ።»

ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። ካስክ ሥር ያለችው ብቻ ሁሉም ሲያፈጥ አይታ «ምን አለች? ምን አለች?» ትጮሃለች። እኔው ተነስቼ ጆሮዋ ሥር «ጢም አለኝ አልኩሽ!» ብዬ ጮህኩ። መንገድ ላይ ያለ ሰው ቆመ።

ከዚያማ ምን ቀረኝ። «የወንድሜን ልጅ ጋሼ ያልኳት እኔ ነኝ። ሴት አይደለችም ብዬ የነገርኩሽ ልጄን ልድርልሽ ብዬ ነው። ልጅቷ ሴት ናት። የታመመችው ከእኔ ወገን በወጣ ሕመም ነው። ሚጡም ከእኔ ነው የወረሰችው» አልኳት።

«አታለልሽን! ሁለት ጊዜ አታለልሽን!» አለች።

«ሁለት ጊዜ» አልኩ።

ተነስታ ወጣች። ግማሽ ራሷ በቢጎዲን፣ ግማሹ እየተንጠባጠበ፣ ፎጣዬን ትከሻዋ ላይ አድርጋ በዋናው መንገድ ሄደች። ቢጎዲኖቼን እስካሁን አልመለሰችም። ልጅ ለማየት እንዴት እንደሄደች እንጃ።

አንዳንዶቹ ሳቁብኝ። አንዷ እየተሠራላት ያለውን ፀጉር ትታ ወጣች፣ ሁለተኛም አልመጣችም። ተዋረድኩልሽ፤ የፈለግሽውን ያህል። ማልቀሴንም ልጻፍልሽ፣ ካስኩን ከፍቼ ከሥሩ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያ ግን ራበኝ። ምሳዬን በላሁ። ከዚያ በኋላ ያለውን እንዴት እንደምነግርሽ አላውቅም፤ ቀለለኝ። ስንት ዓመት ከሰው ቀድሜ እየተነሳሁ ምላጭ እንደያዝኩ አንቺ አታውቂም። አሁን እንደ ሰው እነሳለሁ። ሁለት ደንበኞች ሰው ሲወጣ ጠብቀው አገጫቸውን አሳይተውኛል። ሐኪም ቤት ሂዱ አልኳቸው።

ሚጡ በጓዳው በር ቆማ ሁሉንም ሰምታ ነበር። ሰኞ ጠዋት ልብሷን ለብሳ ብቻዋን ወደ ሐኪሙ ሄደች። ምርመራውን ጨረሰች፣ ኪኒን ጀምራለች። ስሙ አንቺ የጻፍሽው ነው። አናጢው ሊያናግራት መጥቶ ነበር። «ያኔ እሷ እንዲህ ስትባል አንተ ምን አልክ?» አለችው። «እናቴ ያለችኝን ነው...» ብሎ ጀመረ። በሩን ዘጋችበት።

ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ሰጠኋት፤ የእኔንም ምን ብዬ እንደጻፍኩልሽ ነገርኳት። የምደብቀው አልቀረኝም። የምጠይቅሽም የለም።

አክስትሽ

---

ነሐሴ 14

ይድረስ ለአክስቴ፣

ደብዳቤዎን አነበብኩ። በቢጎዲኑ ሳቅኩ፤ የሰማኝ ጎረቤት የታመምኩ እስኪመስለው ድረስ ብቻዬን ሳቅኩ። ከዚያ «ቀለለኝ» ያሉት ላይ ስደርስ ወረቀቱን ጨብጬ አጣጠፍኩት። እንዲቀልልዎ አልነበረም። እንዲከብድዎ ነበር። እኔ በሄድኩበት መንገድ፣ ከኋላዬ እየተጠራሁ በሄድኩበት መንገድ፣ እርስዎ አንድ ቅዳሜ ሄደው ምሳ በሉ። ይቅር አላልኩዎትም። ይህን በሚገባ ይወቁልኝ። ምናልባትም አልልም።

ቃሌን ግን ጠብቄያለሁ። ለሚጡ ጻፍኩላት፤ አንድ ገጽ ሳይሆን አራት። ስለ ሐኪሟ፣ ስለ ኪኒኑ፣ መጀመሪያ ስውጠው ስላቅለሸለሸኝ፣ አበባዬ በወሩ ሲመጣ መጸዳጃ ቤት ተቀምጬ እንደ ሞኝ ስለመሳቄ። እዚህ መጥታ ከእኔ ጋር መኖር ከፈለገች ክፍል እንዳለኝ ነገርኳት። እውነቱን ልንገርዎት፤ ልጅዎን ልወስድብዎት ነበር። የመጨረሻው በቀሌ እሱ ነበር።

ዛሬ መልሷ ደረሰኝ። አጭር ነው። ሰላምታ የለውም። እንዳለ ልገልብጥልዎት፦

«እናቴ ሰው እንዳይሰማ ብላ ሐኪም ቤት ሳትወስደኝ ቀረች። አንቺ ምን እንደያዘኝ ከመጀመሪያው ደብዳቤ ጀምሮ አውቀሻል። እየደማሁ እንደሆነ ስትሰሚ ስለ ዛፍ ጻፍሽ። የአንቺን በደል አውቃለሁ፤ አልቅሼልሻለሁም። ግን እኔን ይዛችሁ ስትጓተቱ እኔ መሐል ነበርኩ። አንቺና እናቴ አንድ ናችሁ። ክፍሉን አልፈልግም። ሥራ አግኝቻለሁ፣ የራሴን ቤት ተከራይቻለሁ።»

ተራዬን ለሌላ ሰው ሰጥቼ ቤት ቀረሁ። መልስ ልጽፍላት ተቀምጬ ብዙ ወረቀት አበላሸሁ። «አንድ አይደለንም» ብዬ እጀምራለሁ፣ ከዚያ ወዲያ የሚቀጥል ዓረፍተ ነገር አጣለሁ። እርስዎን ምንም ነገር እለምናለሁ ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር።

ይህንኑ ለእርስዎም ፊት ለፊት ብላዎት ይሆናል። ብላዎት ከሆነ፣ ምን ብለው መለሱላት?

የወንድምዎ ልጅ